የወጣቱ ስፍራ በማዕድና በሥራ

ለቤተ ሰብና ለማኅበረ ምእመናን የሚሆን ትምህርት

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘዳግም 6፥4-9፤ ዮሐንስ 6፥1-13፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥3-7።



በየማኅበራችን ስንሰበሰብ የወጣቶች ነገር የማይነሣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሽማግሌው ያዝናል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ሰባኪውም ይገሥጻል። አንዱ፦ ልጆቻችን ለቅዱስ ቍርባን የሚያዘጋጀውን ትምህርት ከጨረሱ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አይታዩም ይላል። ሁለተኛው፦ ልጄ ከጫት ቤት አይለይም ይላል። ሦስተኛይቱም፦ ልጄ ሳይሰናበተኝ ወደ ባዕድ አገር መንገድ ጀመረ፤ ድምፁን የሰማሁት በረሓ ከደረሰ በኋላ ነው ትላለች። ይህ ሁሉ በየአጥቢያችን የሚታይ ነው፤ ኀዘኑም ከባድ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ በሚነገርበት ስብሰባ ወጣቶቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ አይገኙም። ስለ እነርሱ እንነጋገራለን እንጂ ከእነርሱ ጋር አንነጋገርም።

በዚህ ትምህርት ልንመረምረው የምንወደው ነገር አንድ ነው። ይኸውም ወጣት ስፍራ ሲሰጠው ያድጋል እንጂ በምክር ብዛት ብቻ አያድግም የሚል ነው። የሚያስፈልገውም ስፍራ ሁለት ዓይነት ነው፤ በቤት ውስጥ ቃሉ የሚሰማበት ማዕድ፣ በማኅበርም መካከል እጁ የሚፈለግበት ሥራ። ማዕድ ብቻ ያለው ልጅ እንደ እንግዳ ይኖራል፤ ሥራ ብቻ ያለው ልጅ እንደ ሎሌ ይኖራል። ሁለቱን ያገኘ ግን የቤት ልጅ መሆኑን ያውቃል።

አንደኛ፤ ስለ ማዕድ

ሙሴ እስራኤል እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ እንዲወድ ካዘዘ በኋላ፣ ይህ ቃል ለልጆች የሚነገርበትን ጊዜና ስፍራ ይቈጥራል። በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ነው (ዘዳግም 6፥7)። ልብ እንበል፤ በዚህ ስፍራ ስለ ካህንና ስለ መገናኛው ድንኳን አልተናገረም። ቃሉን በመጀመሪያ ለአባትና ለእናት አደራ ሰጠ፤ የመረጠላቸውም ጊዜ ማንም ድኻ የማያጣው ጊዜ ነው። የማይቀመጥ፣ የማይሄድ፣ የማይተኛና የማይነሣ ቤተ ሰብ የለምና።

የጢሞቴዎስም ነገር እንዲሁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የዚህን ወጣት እምነት ሲያስብ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፣ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5)። አባቱ ግን የግሪክ ሰው እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ 16፥1 ተጽፎአል። እንግዲህ ባሏ የሞተባት ወይም ባሏ የማያምን እናት፦ እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ ብላ ተስፋ አትቍረጥ። ከአንዲት አያትና ከአንዲት እናት ቤት የኤፌሶንን ማኅበር የሚጠብቅ አገልጋይ ወጥቶአል።

አባታችን ማርቲን ሉተርም ይህን ነገር በብርቱ ተመልክቶት ነበር። በሳክሶን አገር ያሉትን አጥቢያዎች ሲጐበኝ ሕዝቡ የእምነቱን መሠረት እንኳ አለማወቁን አይቶ እጅግ አዘነ፤ በ1529 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን የምንቈጥረው እንደ አውሮጳውያን ነው) ትንሹን ካቴኪዝም አወጣ። በዚያ መጽሐፍ በየክፍሉ ራስ ላይ የቤቱ አባት ለቤተ ሰቡ በቀላል አነጋገር እንዲያስተምር አመለከተ፤ የጠዋትና የማታ ጸሎት፣ የማዕድም ምስጋና ጨመረበት። ስለዚህ ልጆቻችን ለፈተና የሚያጠኑት ይህ መጽሐፍ በቤት ምሶሶ ሥር እንዲነበብ ጭምር የተጻፈ ነው። ትምህርቱን ሁሉ ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለመጋቢው ትተን በቤታችን ዝም ብንል ግማሹን አስቀርተነዋል ማለት ነው።

ታዲያ በቤት ውስጥ የሚያስቸግረን ምንድር ነው? በደጋው አገር በቈየው ልማድ ልጅ ለታላላቆች እጅ ያስታጥባል፣ መብራት ይይዛል፣ ሲበሉም ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ልማድ ውስጥ የሚያስመሰግን አክብሮት አለ፤ ትሕትናንም ያስተምራል። ነገር ግን ልጁ አድጎ ጢሙን ካበቀለ በኋላም ከአባቱ አፍ የሚሰማው ቃል «ዝም በል» የሚለው ብቻ ከሆነ፣ በልቡ ያለውን ጥያቄ ይዞ ከቤት ይወጣል። ከቤት የወጣ ጥያቄም መልስ ሳያገኝ አይቀርም፤ መልሱን የሚሰጡት ግን ነፍሱን የሚወዱ ላይሆኑ ይችላሉ።

ጌታችን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በነበረ ጊዜ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ተገኘ (ሉቃስ 2፥46)። መምህራኑ ልጅ ነህ ብለው አላባረሩትም። እናቱም ከሦስት ቀን ፍለጋ በኋላ በብርቱ ጭንቀት ጠየቀችው፤ እርሱም መለሰላት፤ ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር። በዚህ ታሪክ መጠየቅና መታዘዝ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ አብረው ሲኖሩ እናያለን። የሚጠይቅ ልጅ ሁሉ ዐመፀኛ እንዳይመስለን ይህን እናስብ።

ካህኑ ዔሊም በዚህ ነገር መምህራችን ነው። ብላቴናው ሳሙኤል ሌሊት የእግዚአብሔርን ድምፅ በሰማ ጊዜ፣ ዔሊ እንዴት እንደሚመልስ ነገረው፤ በነጋውም የሰማውን አንዳች ሳይሸሽግ እንዲነግረው ጠየቀው። የመጣው ቃል በገዛ ቤቱ ላይ የተነገረ ፍርድ ነበረ፤ ሽማግሌው ግን በልጁ ላይ አልተቈጣም (1ኛ ሳሙኤል 3፥16-18)። ልጅን መስማት ማለት ይህ ነው፤ የሚያሳዝነንንም ነገር ሲነግረን መታገሥ ነው። ሆኖም ይህ ሰው የገዛ ልጆቹን ክፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው እንደ ተፈረደበት በዚያው ምዕራፍ ተጽፎአል። ስለዚህ መስማት ተግሣጽን አይሽርም። ሐዋርያውም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፣ ነገር ግን በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጉ ሁለቱን በአንድ ቃል አዝዞአል (ኤፌሶን 6፥4)።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ለመጀመር የሚያስፈልገው በቀን ሩብ ሰዓት ነው፤ ይህም ባይቻል በሳምንት አንድ ማታ ሁሉም በአንድ መሶብ ዙሪያ የሚቀመጡበት ጊዜ ይወሰን። በቡና ላይ ቢሆንም ይመቻል፤ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ለብዙ ነገር የሚበቃ ጊዜ አለና። ሥርዐቱም አጭር ይሁን። ማንበብ ከሚችሉት ሁሉ ትንሹ ልጅ ጥቂት ቍጥር ከመጽሐፍ ቅዱስ ያንብብ። ከዚያ እያንዳንዱ ያስደሰተውንና ያስጨነቀውን አንድ አንድ ነገር ይናገር፤ አባትና እናትም የራሳቸውን ይናገሩ። ልጅ ሲናገር በመካከል አይቋረጥ፤ ምክርም ካለ ቈይቶ ለብቻው ይነገረው። በመጨረሻም የተባለው ሁሉ በስሙ እየተጠራ ይጸለይበት። ልጁ ትናንት የነገረንን ጭንቀት ዛሬ በጸሎታችን ሲሰማው፣ ቃሉ መሬት ላይ እንዳልወደቀ ያውቃል።

ስለ ስልክም አንድ ቃል እንናገር። ልጆች ከስልካቸው አይለዩም ብለን እናማርራለን። እንግዲህ በዚያች ሩብ ሰዓት በቤቱ ያለው ስልክ ሁሉ በአንድ ስፍራ ይቀመጥ፤ ከሁሉ አስቀድሞም የአባት ስልክ ይቀመጥ። ራሳችን ያልጀመርነውን ነገር ልጆቻችን አይጨርሱልንም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥራ

በአገራችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚባል ተረት አለ። ልምድ የሌለው እጅ ብቻውን ቤት እንደማያቆም የሚያስገነዝብ ነውና በዚህ በኩል እውነት አለው። ነገር ግን በማኅበራችን ወጣቱን ከሥራ ለማራቅ ስንጠቅሰው በወንጌል ፊት አይጸናም። ሕዝቡ በተራበበት በምድረ በዳ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ የያዘ አንድ ብላቴና ነበረ። እንድርያስ እንኳ ስለ ልጁ ሲናገር፣ ይህ ለዚህ ሁሉ ሰው ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ (ዮሐንስ 6፥9)። ያ ጥያቄ የእኛ ተረት ነው። ጌታ ግን የልጁን እንጀራ አልናቀውም፤ ተቀበለው፣ አመሰገነበት፣ አከፋፈለው፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ተረፈ። የሚያበቃው ጌታ እንጂ ልጁ አልነበረም፤ ሆኖም ጌታ የተጠቀመው ልጁ በያዘው ነበር።

እኛ ለወጣቶቻችን የምንሰጣቸው ሥራ ብዙ ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፤ መዘመርና ወንበር ማመላለስ። መዘምራን ለአብያተ ክርስቲያናታችን ታላቅ በረከት ናቸው፤ ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን ድምፅ ያልተሰጠው ልጅ የት ይቁም? ወንበር የሚያመላልሰውስ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ስብሰባ የሚመክረውን መቼ ይወቅ? በየአጥቢያው ያለው ሥራ ከዚህ ይሰፋል፤ ጥቂቱን እንቍጠር።

የመጀመሪያው እድር ነው። ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ድንኳን የሚተክለው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ መቀመጫ የሚዘረጋው ጐልማሳው ነው። ይህ መልካም ነው፤ ግን በዚህ አይብቃ። አባት አንዳንድ ጊዜ በእርሱ ፈንታ ልጁን ወደ እድሩ ስብሰባ ይላክ፤ የተማረው ልጅ መዝገቡን ይጻፍ፤ ሒሳብ ሲመረመርም ይቀመጥ። ዛሬ መዝገቡን የያዘ ልጅ ነገ እድሩን ለመምራት አይቸገርም።

ሁለተኛው የደካሞች እርዳታ ነው። ባል የሞተባት እናት እህልዋ በማሳ ላይ ሲደርስ ወጣቶች ደቦ ወጥተው በአንድ ቀን ያጭዱላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው ሁሉ፣ ለእርሷ የሳምንት ድካም የሆነው ለእነርሱ የአንድ ቀን ደስታ ይሆናል። ሦስተኛው ንባብ ነው። ዐይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎች ቃለ እግዚአብሔርን፣ ከዘመድ የመጣ መልእክትንና የመድኃኒት ትእዛዝን የሚያነብላቸው ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለው ጕብኝት ለሁለቱም ይጠቅማል፤ ሽማግሌው ዐይን ያገኛል፤ ወጣቱም በመጽሐፍ ያልተጻፈ የአገርና የእምነት ታሪክ ይሰማል። አራተኛው ሕፃናትን ማስተማር ነው፤ አምስተኛውም ከሽማግሌ ጋር ሆኖ መባውን ቈጥሮ መመዝገብ ነው።

ሥራውን ስንሰጥ ሦስት ነገር እንጠብቅ። ሥራው እውነተኛ ይሁን፤ ባይሠራ ጕድለቱ የሚታወቅ ይሁን እንጂ ልጅን ለማስደሰት የተፈጠረ አይሁን። ሙሴ ኢያሱን፣ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ከጐኑ እንዳቆመ፣ ለእያንዳንዱ ወጣት አብሮት የሚቆም ታላቅ ይኑረው። ሥራው ሲፈጸምም ይጠየቅበት፣ ይመስገንበትም፤ ስሕተት ቢገኝ በጉባኤ ፊት ሳይሆን ለብቻው ይታረም።

ስለ ሴቶች ልጆቻችን ተለይቶ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። በብዙ ቤት ልጅቱ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿንም ትጠብቃለች። ቀኑ አስቀድሞ ሞልቶባታል። ማኅበሩም በበዓል ቀን ወጥ ቤት ብቻ ካስገባት፣ ሸክም ጨመረባት እንጂ ስፍራ አልሰጣትም። ወንድሟ ጀሪካኑን ይሸከም፤ እርሷም ለንባብና ለማስተማር የምትሆን ሰዓት ታግኝ።

ለዚህ የሚሆን ምስክር ከራሳችን ታሪክ አለን። አስቴር ጋኖ የምትባለው የኦሮሞ ልጅ በባርነት ተሸጣ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ በ1886 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባች። አባትና እናት በአጠገቧ አልነበሩም፤ በዚያ ግን ማዕድ አገኘች። ማዕድ ብቻም አልተሰጣትም። አስተዋይነቷና የቋንቋ ዕውቀቷ ታይቶ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን ቃላት እንድትሰበስብና ኦኔሲሞስ ነሲብን በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም እንድትረዳ ሥራ ተሰጣት። ገና ወጣት ሳለች በ1894 ዓ.ም. ከእርሱ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጣች። በ1899 ዓ.ም. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ። ኦኔሲሞስም እርሱ ራሱ በልጅነቱ ከወገኑ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠ ነበረ። ከቤታቸው የተነጠቁ ልጆች ማዕድና ሥራ ባገኙ ጊዜ፣ ለወገናቸው ሁሉ የሚበቃ እንጀራ በእጃቸው ተሰጠ። በዚያን ጊዜ ልጅ ያቦካው አይበቃም ተብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በጐደለብን ነበር!

ሦስተኛ፤ በመከራ ቀን ስለሚገኘው ፍሬ

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ዓ.ም. ከተቋቋመች በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቈይ የፈተና ዘመን መጣ። ከ1974 እስከ 1991 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን በብዙ ስፍራ፣ ይልቁንም በወለጋ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ምእመናንም ታሰሩ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ዓ.ም. ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። በዚያ ዘመን ደጁ በታሸገበት ስፍራ ጸሎቱ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ፤ ምእመናን በጥቂት በጥቂቱ ሆነው በየቤቱ ይጸልዩ ነበር። በዚያ ሰዓት በቤቱ ማንበብና መጸለይ የለመደ ቤተ ሰብ አዲስ ነገር መማር አላስፈለገውም። የለመደውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

ዛሬ ደጆቻችን ክፍት ናቸው፤ ስለዚህም ደስ ይለናል። ነገር ግን ደጅ ክፍት ሆኖ ሳለ በቤታችን ማዕድ ላይ ቃል ከጠፋ፣ ማንም ሳይዘጋብን ራሳችን ዘግተነዋል።

አራተኛ፤ ከቤት ርቀው ስላሉት

ምናልባት አንዳንዱ፦ ልጄ ከእኔ ጋር አይኖርም፤ ከማን ጋር ማዕድ ልቅረብ ይላል። በእርግጥ ከገጠር የመጡ ብዙ ተማሪዎች በወረዳ ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይማራሉ፤ ቅዳሜ በእግራቸው ወደ ቤት ሄደው ስንቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ከሰኞ እስከ ዐርብ ማን ይጠይቃቸዋል? በከተማው ያለች ማኅበር እነዚህን ልጆች በስማቸው ትወቅ። አንድ ቤተ ሰብ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ በሳምንት አንድ ማታ በማዕዱ ቢያስቀምጥ፣ ወጪው አንድ እንጀራ ነው፤ ትርፉ ግን ነፍስ ሊሆን ይችላል። ወላጆችም ስንቅ ስትሰጡ የሳምንቱን ነገር ሳትጠይቁና ሳትጸልዩ አትሸኙአቸው።

በባዕድ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ልጆችም አሉን። የሚላከውን ገንዘብ ብቻ እየጠበቅን እንዳንደውል እንጠንቀቅ። ያው የምንነቅፈው ስልክ በዚህ ጊዜ ማዕድ ሊሆን ይችላልና፣ ከገንዘቡ በፊት ስለ እርሷ እንጠይቅ፤ አንድ ቍጥር እናንብብላት፤ እየሰማችም እንጸልይላት። ለመሄድ በልቡ ያሰበ ወጣት በቤታችን ካለም፣ ቍጣን ሳይፈራ አሳቡን የሚናገርበት ማዕድ ይኑረው። ምናልባት መሄዱን አንከለክለው ይሆናል፤ ነገር ግን ሳይሰናበት በሌሊት ከሚወጣ፣ ነግሮን ቢመክርና የመንገዱን አደጋ ቢያውቅ ይሻላል።

አምስተኛ፤ ስፍራውን የሚሰጠው ማን ነው?

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር እንዳይረሳ። ማዕድና ሥራ ልጅን አያጸድቁም። ወጣቱ በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ ያገኘው መዝሙር ስለ ዘመረ ወይም መዝገብ ስለ ያዘ አይደለም፤ ክርስቶስ ስለ ሞተለትና በጥምቀት ስለ ተቀበለው በጸጋ ነው። እኛ በቤትና በማኅበር የምንሰጠው ስፍራ ጌታ አስቀድሞ የሰጠውን ማክበር ነው። ስለዚህ ሥራውን የበደለ ወጣት ስፍራውን አያጣም። በሉቃስ 15 የምናነበው አባት ልጁ ከሎሌዎች እንደ አንዱ ሊሆን ሲያስብ፣ ወደ ማዕዱ መለሰው። ያ አባት ልጁን ገና በሩቅ ሳለ አየው፤ መንገዱን ይመለከት የነበረ ነውና።

ልጃቸው የራቀባቸው ወላጆች ሆይ፤ መንገዱን ከማየት አታቋርጡ። የልጁን ስፍራ በማዕዳችሁ ባዶ አድርጋችሁ ጠብቁት፤ ስሙም ከማታ ጸሎታችሁ አይጕደል።

በቤትና በማኅበር ለመወያየት

1. በቤታችን ሁላችን በአንድነት የምንቀመጥበት ጊዜ መቼ ነው? ከሌለስ በየትኛው ማታ እንጀምር?

2. ልጃችን ባለፈው ወር የነገረን ጭንቀት ምን ነበር? ካላወቅን ስለ ምን አላወቅንም?

3. በማኅበራችን ካሉት ሥራዎች፣ እውነተኛ ሆኖ እስከ ዛሬ ለወጣት ያልተሰጠ የትኛው ነው? ከጐኑ የሚቆም ታላቅስ ማን ይሁን?

4. በአጥቢያችን ተከራይተው የሚማሩት ልጆች እነማን ናቸው? የሚጠይቃቸው ቤተ ሰብ የትኛው ይሁን?

5. ወጣቶች ራሳቸው ይመልሱ፤ በቤትና በማኅበር ስፍራ እንዳላችሁ የሚሰማችሁ መቼ ነው?

ጸሎት

የብላቴናውን እንጀራ በእጅህ የተቀበልህ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፤ ልጆቻችንንም ተቀበል። ለእኛ የሚሰማ ጆሮና የሚታገሥ ልብ ስጠን። ለእነርሱ በቤታችን ማዕድ፣ በማኅበርህም ሥራ ስጣቸው። የራቁትን ጠብቃቸው፤ የጠፉትን መልሳቸው። በእጃቸው ያለውን ጥቂቱን ባርከህ ለብዙዎች አብቃው። አሜን።